ከእንጦጦ እስከ ለገሃር፦ አዲስ አበባን ለሚጎበኙ አንባቢያን መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አዲስ አበባን ለማየት ካሰቡ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። የመግቢያ ዋጋ አልጻፍንም፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር በሩ ላይ መጠየቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ እመጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ። ባለፈው ጊዜ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ ፒያሳን፣ ስድስት ኪሎንና ሥላሴ ካቴድራልን በአንድ ቀን አያለሁ ብዬ ቀኑ ታክሲ ጥበቃ ላይ አለቀ። ከየት ልጀምር? (ተ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያደከምዎት ርቀቱ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት፤ የጠቀሷቸው ቦታዎችም በሁለት ቁልቁለት መንገዶች ላይ ይገኛሉ። አንዱ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎ በኩል አራት ኪሎ ይደርሳል። ሌላው ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ለገሃር ይወርዳል። ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ይስጡት። ታክሲ የሚያስፈልግዎት ጠዋት ወደ ላይኛው ጫፍ ለመውጣት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር መውረድ ነው። ከታች ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሁለተኛው ሙዚየም ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነዎት፤ ዳገቱ ለወጣትም ይሰማል።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ይገኙ። በዩኒቨርሲቲው ዋና በር መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፍተሻም ስላለ ቦርሳዎን ቀለል ያድርጉ። ግቢው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዋናው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በእኛ አስተያየት በከተማዋ ካሉት ሁሉ የተሻለ ሆኖ የተደራጀ ነው። ቅርሶቹ በብሔረሰብ አልተከፋፈሉም፤ የሰውን የሕይወት ዘመን ተከትለው ነው የተቀመጡት። ከልደትና ከልጅነት ጀምሮ በጋብቻና በሥራ አልፎ በቀብር ሥርዓት ያበቃል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍልም ለጉብኝት ክፍት ናቸው። የመኝታ ክፍሉ መስተዋት ላይ ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የቀረ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ሰው አልጋውን አይቶ ስለሚወጣ ያመልጠዋል። ላይኛው ፎቅ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላትና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። ለዚህ ሙዚየም ሁለት ሰዓት ይመድቡ፤ በግማሽ ሰዓት ሮጦ መውጣት የቲኬቱን ብር ማባከን ነው።

ሲወጡ ከሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ያያሉ። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ለተጨፈጨፈው ሕዝብ የቆመው ሐውልት ከበሩ ውጭ አደባባዩ መሃል ላይ ነው፤ ከፍታው 28 ሜትር ሲሆን የሠሩትም የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። የአደባባዩ ተሽከርካሪ ስለማያቋርጥ ሰው ከዳር ሆኖ ጫፉን አይቶ ያልፋል። ታሪኩ ያለው ግን ወደ ታች ዙሪያውን በተቀረጹት ምስሎች ላይ ነው። የእግረኛ ማቋረጫውን ይጠቀሙና ጠጋ ብለው አንዴ ይዙሩት።

ምሳ በልተው ወደ አምስት ኪሎ ይውረዱ። ብሔራዊ ሙዚየም መንገድ ዳር ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል (ስለ ድንቅነሽ ቀጥሎ ያለውን መልስ ይመልከቱ)። ከዚያ አራት ኪሎ። የሚያዝያ 27 ሐውልትን አልፈው ሥላሴ ካቴድራል ይግቡ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ሣጥኖች ናቸው፤ የንጉሡ አፅም እዚህ ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ውጭ ያለውን የመቃብር ቦታ ሳያዩ አይሂዱ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ጥላሁን ገሠሠና አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት እዚያ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸው ባለሥልጣናት መታሰቢያም በዚሁ ግቢ ይገኛል።

እሁድ ጠዋት ቸኩለው አይውጡ። አራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ እስኪወጣ ቢያንስ እስከ 3፡30 ይጠብቁ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. አቃጥሎት ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ነው፤ የዘውድ በዓል ልብሶችና አክሊሎች በግቢው ሙዚየም አሉ። ውስጥ ያሉት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ደመና በሆነ ቀን ግማሹ አይታይም። ከበሩ እንደወጡ የምኒልክ ሐውልት ነው። ፈረሱ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓድዋ አዙሯል። ከጎኑ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፤ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይወስዳል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ በቸርችል ቁልቁል ይውረዱ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ አለ (ዋናው መድፍ መቅደላ ነው ያለው)። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን አልፈው ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲቃረቡ 209 ሜትር ቁመት ያለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከፊትዎ ይቆማል። መጨረሻው ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። ሳይቆሙ ቢሄዱ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው፤ እየቆሙ ከሆነ ግማሽ ቀን ይሞላል።

ጥያቄ፦ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን ብሔራዊ ሙዚየም ልንመጣ ነው። አንዳንድ ወላጆች «እዚያ ያለችው ድንቅነሽ የፕላስቲክ ናት፤ ምን ያደርግላችኋል?» ይሉናል። እውነት ነው? አርባ ልጅ እንዴት እናስተናግዳለን? (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለሕዝብ የሚታየው ከዋናው አፅም የተወሰደ ቅጂ ነው። ዋናው አፅም ለጥናት በጥንቃቄ ይቀመጣል፤ በዓለም ያሉ ሙዚየሞችም ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ቅሪተ አካል ሲኖራቸው በብዛት እንዲሁ ያደርጋሉ። ልጆቹን አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው አይከፋቸውም፤ የሚከፋቸው እዚያ ደርሰው ከሌላ ልጅ አፍ ሲሰሙት ነው።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት ቅጂዎች አሉ። አንዷ ተጋድማለች፤ የተገኙት አጥንቶች ብቻ በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ከጠቅላላው አፅም 40 በመቶ ገደማ ነው። ሌላዋ ቆማለች፤ የጎደለው ተሟልቷል። ልጆቹ መጀመሪያ የተጋደመችውን ይዩ፤ የትኛው አጥንት እንዳለና የትኛው እንደሌለ ይቁጠሩ። ከዚያ ወደ ቆመችው ይሂዱ። ቁመቷ 1.1 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከክፍሉ አጭሩ ልጅ እንኳ ይበልጣታል። ዳሌዋንና ጉልበቷን አሳዩአቸው፤ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የታወቀው ከእነዚህ ነው። ከትልቅ የዝንጀሮ ዝርያ አፅም ጋር የሚያነጻጽር ሥዕል ይዛችሁ ብትመጡ ማብራሪያው ቀላል ይሆናል።

ለማስታወሻቸው፦ ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘች ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሰላም የምትባለው ሕፃን በዲኪካ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች፣ ሦስት ዓመት አካባቢ ሳለች የሞተችና 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። «የድንቅነሽ ልጅ» የሚሏት ብዙ ናቸው፤ መቶ ሺህ ዓመት ትቀድማታለችና ልጇ ልትሆን አትችልም። ይህን ራሱን ለፈተና ጥያቄ ማውጣት ይቻላል።

አርባውን በአንዴ ምድር ቤት አታስገቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ያለው አያይም፤ ያላየ ልጅ ደግሞ ይረብሻል። ሦስት ቦታ ክፈሏቸው፦ አንዱ ቡድን ከምድር ቤት፣ አንዱ ዙፋኑና የጥንት ቅርሶች ካሉበት፣ አንዱ ሥዕሎቹ ካሉበት ይጀምርና በየሃያ አምስት ደቂቃው ይቀያየሩ። ማኅተም ያለበት የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አስቀድማችሁ ላኩ፤ በዕለቱም ቅጂውን ያዙ። ሰሌዳዎቹን የሚገለብጥ ልጅ ዕቃውን ስለማያይ አምስት ጥያቄ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ስጧቸው።

ጥያቄ፦ የ9 እና የ14 ዓመት ልጆቼን ይዤ ሐምሌ ውስጥ እመጣለሁ። እዚህ የተወለዱ ስለሆኑ ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየም ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ምን ላሳያቸው? ክረምቱስ አያስቸግርም? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ክረምቱን በሰዓት ያሸንፉታል። በሐምሌና በነሐሴ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ደጅ ያለውን ሁሉ እስከ 6 ሰዓት ይጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ጣራ ሥር ይሁኑ። ከጃንጥላ ይልቅ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ይያዙ። የእግረኛ መንገዱ ሲረጥብ ያዳልጣል።

ለትንሹ ልጅ አንበሳ ማደን ይስጡት። በአንድ ቀን የሚታዩ አንበሶች አሉ፤ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ያገኘውን እየሰረዘ ይሂድ። ቀደም ብለን የጠቀስነው የስድስት ኪሎው ትንሽ አንበሳ በፋሺስቱ ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል፣ በ1948 ዓ.ም. ሠራው፤ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ከአንበሳ ይልቅ ግንብ የሚመስል ነው፤ ልጆች ይወዱታል። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ የጆርጅ ጋርዴ ሥራ ነው፤ በ1923ቱ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት፣ ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ተንበርክኮ ሰይፍ የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ፊት ነው፤ የ14 ዓመቱ ልጅ ይህን ታሪክ ከሰማ ሐውልቱን በሌላ ዓይን ያየዋል። በሕይወት ያሉት ጥቁር ጋማ አንበሶች አንድነት ፓርክ ናቸው።

አንድነት ፓርክ ሙሉ ጠዋት ይፈልጋል፤ ሰኞ ዝግ ነው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፍተሻው ጠንከር ያለ ነው፤ ስለታም ነገር፣ ድሮንና ትልልቅ ቦርሳ ይዘው አይሂዱ። እንስሳቱን በመጨረሻ ያድርጉት፤ መጀመሪያ ካዩአቸው ልጆቹ ወደ ሌላው አይመለሱም። በጉልላቱ ቅርጽ እንቁላል ቤት የሚባለውንና ግብር ቤቱን ቀድመው ይዩ። ከዙፋን ቤቱ ሥር ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበት ምድር ቤት አለ፤ ለትልቁ ልጅ ይሆናል፤ ለትንሹ ምን እንደሚሉት አስቀድመው ያስቡ።

እንጦጦን የመጀመሪያው ቀን አያድርጉት። ከአውሮፕላን በወረዱ ማግሥት 3,000 ሜትር ላይ የወጣ ልጅ ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋልም። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቀን ላይ ይውጡ፤ ውኃ ያጠጧቸው፤ ሹራብ ይያዙ። በእንጦጦ ማርያም ግቢ ያለው የምኒልክና የጣይቱ ሙዚየም ትንሽ ነው። ምኒልክ ዘውድ የደፉት በዚህች ቤተ ክርስቲያን፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ መንግሥቱ የጭቃ ግድግዳ ያለው ነጭ ቤት መሆኑ ልጆችን ያስገርማል። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይፈቷቸው።

ሁለት ነገር አይርሱ። የመግቢያ ዋጋ ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ ይለያያል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለዎት የልጆቹንም ይያዙ፤ ሆቴል ትተውት መጥተው በር ላይ ቢከራከሩ የሚሰማዎት የለም። ሌላው ሰዓት ነው። ሰሌዳ ላይ «ከ2፡30» ካለ በእጅ ስልክዎ 8፡30 ማለት ነው። በስልክ ቀጠሮ ሲይዙ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ የስድስት ሰዓት ስህተት ያድናል።

ጥያቄ፦ በዓታ ለማርያም የምኒልክን መቃብር ለማየት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሳልገባ ተመለስኩ። አንዴ ቅዳሴ ነው ተባልኩ፤ አንዴ ቁልፉ የለም። መቼ ነው የሚቻለው? (ሰ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ የሄድሽበት ቀን ምን ቀን እንደነበር ብትጽፊልን መልሱ እዚያው ነበር። በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ቅዳሴ ባለበት ደብር ሥርዓቱ እኩለ ቀን ገደማ ተጀምሮ 9 ሰዓት አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ከሰዓት በኋላ ብሎ የመጣ ጎብኚ ደጅ ላይ ይቀራል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌሊት ተጀምሮ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይወጣል። ወርኃዊ በዓሎቹንም ቁጠሪ፦ በዓታ በወር በገባ በ3፣ ሥላሴ በ7፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23። በእነዚህ ቀናት ግቢው በምዕመን ስለሚሞላ ለጉብኝት አይመችም፤ ለበዓሉ ከሆነ ግን ማየት ያለብሽ ያን ቀን ነው።

ለበዓታ የሚሻለው ጾም ያልሆነ የሥራ ቀን ጠዋት፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ክፍያሽን ከፍለሽ ደረሰኝ ያዢና መቃብሩን የሚያሳዩትን አባት እንዲጠሩልሽ ጠይቂ። «ቁልፉ የለም» ብዙውን ጊዜ ባለቁልፉ ምሳ ወይም ጸሎት ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ያዋጣል።

ነጠላ፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ። ውስጥ ከገባሽ በኋላ ወለሉ ላይ ያለው ከባድ የብረት መዝጊያ ይነሳልሻል፤ ከሥሩ ጠባብ ደረጃ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የዕጣን ሽታ አለው። ምኒልክ መሃል ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ በግራና በቀኝ። አቡነ ማቴዎስና ልዕልት ፀሐይም እዚያው አርፈዋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከአምስት ስድስት ሰው በላይ አብራችሁ አትውረዱ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አባን አስፈቅጂ። ከውጭ ደግሞ ካሜራሽን ጎኑ ወዳለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት አጥር አታዙሪ፤ የጥበቃ ሠራተኛ ስልክ ተቀብሎ ፎቶ እንደሚያስጠፋ ጎብኚዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው።

ጥያቄ፦ መርካቶን ማየትና ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ስልክህን ይዘህ አትመለስም ይሉኛል። (ዮ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስልክህን ይዘህ ትመለሳለህ፤ በእጅህ ይዘኸው ከዞርክ ግን ዋስትና የለም።

ቀን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ መተላለፊያ የለም። ዓርብ እኩለ ቀን በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለው መንገድ በሰጋጆች ይሞላል። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ግባ። መግቢያህን ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አድርግ፤ ሁለቱም ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ከጠፋህም ማንም ሰው ያመለክትሃል።

ብዙ ሰው መርካቶን ዳስና ድንኳን አድርጎ ያስባል፤ አስፋልቱን ተከትሎ የሚያገኘው ግን ፎቅ ከፎቅ የገበያ ሕንፃ ነው። ያንን አይቶ «ይኸው ነው?» ብሎ ይመለሳል። የምትፈልገው ከኋላ፣ በተራዎቹ ውስጥ ነው፦ ድር ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ። ሸማ ተራ አካባቢ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ትልቅ ቃጠሎ ስለደረሰ የድሮ ፎቶ ላይ ያየኸውን አትጠብቅ።

ጊዜህ ለአንድ ተራ ብቻ ከሆነ ምን አለሽ ተራ ሂድ። ከተማው የጣለው ነገር ሁሉ እዚያ ሌላ ዕቃ ይሆናል። አሮጌ ጎማ በቢላዋ ተቀዶ፣ ከውስጠኛው ጎማ ማሰሪያ ተቆርጦለት በረባሶ ይሆናል። የዘይት በርሜል ተሰንጥቆ ይዘረጋና በመዶሻ ተቀጥቅጦ ከሰል ማንደጃ፣ ምጣድ መክደኛ፣ ባልዲ ይወጣዋል። ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን ሰው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ማሳየት አይጠሉም፤ ሳይጠየቁ ፎቶ መነሳት ግን ይጠላሉ። መጀመሪያ ዕቃውን አንሳና ዋጋ ጠይቅ፤ ከተቻለ አንድ ትንሽ ነገር ግዛ፤ ከዚያ «አንድ ፎቶ ላንሳ?» በል። እምቢ ካሉ አትከራከር።

ስርቆቱ በብዛት በሁለት ሰው ነው የሚሠራው። አንዱ ከፊት ድንገት ይቆማል ወይም ትከሻህን ይገጫል፤ አንተ ወደ እሱ ስትዞር ሁለተኛው ከጎን ኪስህን ይጨርሳል። ስለዚህ ስትገፋ እጅህን መጀመሪያ ወደ ኪስህ ላክ፣ ከዚያ ዞር በል። ለዕለቱ የምታወጣውን ዝርዝር ብር ለብቻ ያዝ፤ ሌላውን ዚፕ ባለው የውስጥ ኪስ አድርግ፤ ቦርሳህ ደረትህ ላይ ይሁን። ስልክ ማየት ካለብህ ሱቅ ውስጥ ገብተህ እይ። ተሸካሚ ከኋላ «መንገድ!» ሲል ወደ ሱቁ ጥግ ሽሽ እንጂ ወደ መኪናው መንገድ አትውጣ፤ ጭነቱ ፊቱን ስለሚጋርደው አያይህም። «ላሳይህ» ብሎ የተጠጋህ ልጅ ካለ ዋጋውን ሳትስማማ አንድ እርምጃ አትሂድ፤ ከተስማማህ ግን ጥሩ አስጎብኚ ይሆናል፤ ሌቦቹን በመልክ የሚያውቃቸው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በግንቦት 1983 ወደ እስራኤል ከመሄዳችን በፊት አዲስ አበባ ወራት ቆይተናል። ዶሮ ማነቂያን፣ ውቤ በረሃን፣ ጣይቱ ሆቴልን ለልጅ ልጆቼ ባሳያቸው እወዳለሁ። ምን ቀርቷል? (እማማ ዘ.፣ ከነታንያ)

መልስ፦ እማማ፣ አስቀድመን ልንነግርዎ የሚገባው ዶሮ ማነቂያ እንደሚያውቁት እንደሌለ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው ሰፊ ፈረሳ ተካሂዷል፤ መንገዶቹም ሰፍተዋል። የቆየ ካርታ ወይም ትዝታ ይዞ መታጠፊያ መፈለግ ያደክማል፤ ለታክሲ ሾፌር የሰፈር ስም ሳይሆን የቆመ ነገር ይጥሩለት። ጣይቱ ሆቴል አለ፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ነበር። ሀገር ፍቅር ቴአትርም አለ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ መሿለኪያ ሲባል በ2005 ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

ጉልበት ካስቸገረዎት ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ይጥሩና ጣይቱ ሆቴል በር ላይ ይውረዱ፤ ከዚያ ቡና ይዘው ይቀመጡ፤ ልጆቹ ጊዮርጊስና ምኒልክ አደባባይ ድረስ ሄደው ይመለሱ። ሰፈሩን ለማሳየት ደግሞ ከቤት የድሮ ፎቶ ካለዎት ይዘው ይምጡ። አካባቢው የቀሩ የቆዩ ነዋሪዎች ፎቶ ሲያዩ «ይሄማ እነ እገሌ ቤት ነው» ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ አፍሪካ አዳራሽ መግባት ይቻላል? የቀይ ሽብር ሙዚየምስ ለአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል? (ብ.፣ ከጅማ)

መልስ፦ አፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ እንደ ሙዚየም ዝም ብለው አይገቡም፤ አስቀድመው ተመዝግበው፣ መታወቂያ ይዘው ነው። ቢደክሙለት ያዋጣል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሦስት ክፍል አለው፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ ያሁንና የወደፊት ትግል ያሳያል። ፀሐይ ባለችበት ቀን ይያዙት፤ ቀለሙ በሙሉ የሚታየው ያኔ ነው። በየዓመቱ በየካቲት ገደማ በሚካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባዔ ሳምንት ግን አይሞክሩ፤ መንገድ ይዘጋል፤ አልጋም ይወደዳል።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ነው። በመስታወት ውስጥ የሰው አፅምና የራስ ቅል ከነስማቸውና ከነፎቷቸው ተቀምጠዋል። ለአሥር ዓመት ልጅ አንመክርም። አብሮዎት ካለ ተራ በተራ ይግቡ፤ ሌላው ከልጁ ጋር አጠገቡ ያለውን የአዲስ አበባ ሙዚየም ይይ፤ የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት የነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ለሠርግ የሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ልገዛ ነው። የእጅ ሥራውን ከማሽኑ እንዴት ልለይ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የጥለቱን ጀርባ ገልብጪ። በእጅ የተሠራው ክሩ ከኋላ አልፎ አልፎ ይዘላል፤ ትንሽ ያልተስተካከለ ነገርም አይጠፋውም፤ የማሽኑ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሺው፤ የእጅ ፈትል ከሆነ ውፍረቱ ቦታ ቦታ ላይ ይለያያል። ቀለሙ እንደማይለቅ ለማወቅ ነጭ መሐረብ በውኃ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ ሠላሳ ሰከንድ ጫን አድርጊ፤ ቀይና ጥቁር ጥለት ላይ ይህን ሳታደርጊ አትክፈይ፤ አንዴ ነጩ ላይ ከወጣ አይለቅም። ጠዋት ሂጂ፤ የመጀመሪያ ገበያ ላይ ነጋዴው ዋጋ ለመቀነስ ብዙ አያስቸግርም። ልኩ ካልሆነ የሚያስተካክሉ ሰፊዎች እዚያው አሉ፤ ግን በበዓል ሰሞን ሳምንት ሊያቆዩሽ ስለሚችሉ ከሠርጉ ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን ቀድመሽ ድረሺ።